ከስሜን ገደል በአጭር ሞገድ

አማተር ራዲዮ ማለት ለንግድ ሳይሆን ለዕውቀትና ለወዳጅነት ሲባል፣ በመንግሥት ፈቃድ የሚሠራ መነጋገሪያ ነው። በአገራችን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአምስት ኪሎ የክበብ ጣቢያ፣ ኢቲ3ኤኤ በተባለው መጠሪያው፣ በዓለም አማተሮች ዘንድ የታወቀ ነው።

ይህን መሣሪያ በመኪና ጭኖ ከጎንደር የሚነሣ መንገደኛ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ተጉዞ ደባርቅ ይደርሳል፤ ከዚያም በ1962 ዓ.ም. በሕግ ወደ ተከለለው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ይዘልቃል። ሳንቃ በር ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ፣ መሣሪያውን ከመኪናው ባትሪ አገናኝቶ 10 ሜትር ያህል ሽቦ ቢዘረጋ፣ በ14 ሜጋኸርዝ ከአውሮፓ ሰዎች ጋር ሊነጋገር ይችላል።

ታዲያ ድምፁን ያን ያህል የሚያርቀው የተራራው ከፍታ ነውን? አይደለም። አጭር ሞገድ ወደ ላይ ወጥቶ፣ በ300 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ የፀሐይ ጨረር ኤሌክትሪክ ያሳደረበትን የአየር ንጣፍ ሲያገኝ ጎብጦ ወደ ምድር ይመለሳል። 4,500 ሜትር የሚያህለው ራስ ደጀን እንኳ በዚህ ፊት የደጃፍ ደረጃ ነው።

ዋናው ጥቅም ግን ከገደሉ ሥር ይታያል። በቀጥታ የሚሄደውን የእጅ ራዲዮና የስልክ ሞገድ ገደሉ ያግደዋል። ሽቦውን ለመሬት አቅርቦ በቀን በ7 ሜጋኸርዝ የሚልክ ሰው ግን ድምፁ ወደ ሰማይ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ከገደሉ ማዶ ይወርድለታል። እግሩ የተሰበረ መንገደኛ ቢያጋጥም ርዳታ የሚጠራው በዚህ ነው፤ ሆኖም የሽቦውን አዘረጋግና የሞገዱን አመራረጥ በጭንቅ ሰዓት መማር አይቻልም። ስለዚህ ጨዋታ የሚመስለው የደህና ቀን ልምምድ የክፉ ቀን ስንቅ ነው።