አቶ ታምራት አማኑኤልና ደብዳቤዎቻቸው

«ስለ ኢትዮጵያ ደራሲያን» የተባለችውን መጽሐፍ ያነበበ ሰው ብዙ ነው፤ ጸሐፊው የእኛው የቤተ እስራኤል ልጅ መሆናቸውን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

አቶ ታምራት የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1888፥ ክፉ ቀን በገባበት ዘመን፥ በጎንደር አገር ነው። ዶክተር ያዕቆብ ፋይትሎቪች በ1904 በጀመሩት ጉዞ አስመራ ከስዊድን ሚስዮን አግኝተው ወደ ፓሪስ ወሰዷቸው፤ በኋላም ፊሬንዜ ተማሩ። አዲስ አበባ ተመልሰው ለልጆቻችን የተከፈተውን ትምህርት ቤት መሩ። ጣሊያን በ1936 ከገባ በኋላ ተሰደዱ፤ ከነጻነት በኋላ መንግሥትን አገለገሉ፤ በ1963 በኢየሩሳሌም አረፉ።

እንደ አባትም እንደ አለቃም ለሆኑባቸው ለፋይትሎቪች የጻፏቸው ደብዳቤዎች በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል። በባዕድ ቋንቋ ስለ ወገን መጻፍ፥ እርዳታ ለሚሰጥ ሰው እውነቱን መናገር፥ ቀላል አይመስለኝም። ከአድ ሃሎም ባቡር ለሚሳፈር ሰው ቦታው ሩቅ አይደለም።