ከሞተሩ በፊት የሚፈተሸው፦ የአሮጌ ላንድክሩዘርና ላንድሮቨር ዝናብ መጥረጊያ

የአሮጌ ላንድክሩዘር ዝናብ መጥረጊያ መንቀርፈፍ ሲጀምር ባለቤቱ ቶሎ የሚጠይቀው የመጥረጊያ ሞተር ዋጋ ነው። ሶማሌ ተራ ወርዶ ያገለገለ ሞተር ይገዛል፣ ያስገጥማል። ሐምሌ ገብቶ ጣርማ በር ላይ ጉሙና ዝናቡ ሲበረታ ግን መጥረጊያው ያው እንደ ድሮው ይጎተታል። ገንዘቡ የወጣው ባልታመመ ዕቃ ላይ ነበር። ሞተር አይበላሽም ማለቴ አይደለም፤ ይበላሻል፣ መቀየርም አለበት። ነገር ግን በእነዚህ ዕድሜ ጠገብ መኪኖች ላይ ከሞተሩ ቀድመው የሚደክሙ ነገሮች አሉ፤ እነሱን ሳያዩ ሞተር መግዛት ትክክል አይደለም ብዬ አምናለሁ።

ዕቃው እንዴት እንደሚሠራ እንይ። ሞተሩ ከባትሪ ኃይል እየወሰደ በፍጥነት ይሽከረከራል። በዘንጉ ላይ የተቆረጠው ጠመዝማዛ ጥርስ አንድ ትልቅ ጥርስ ያዞራል፤ በዚህ ጊዜ ፍጥነቱ ይቀንስና ጉልበቱ ይጨምራል። በላንድክሩዘር ላይ ይህ ዙር በተያያዙ የብረት ክንዶች አማካይነት ወዲያና ወዲህ ወደሚል እንቅስቃሴ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ በተሠራው ላንድሮቨር ሲሪዝ 3 እና በኋላ ዲፌንደር በተባለው ላይ መንገዱ ሌላ ነው፤ ሞተሩ ላዩ ላይ ሽቦ የተጠመጠመበት ገመድ በቱቦ ውስጥ ይገፋል፣ ይስባል፤ ገመዱም በመጥረጊያዎቹ ሥር ያሉትን ትንንሽ ጥርሶች ያዞራል።

ባለ ሁለት ፍጥነቱ ሞተር ብዙውን ጊዜ ሦስት ካርቦን አለው። ሁለቱ ትይዩ ተቀምጠው ዝግተኛውን ፍጥነት ይሰጣሉ። ሦስተኛው ከእነሱ መስመር ፈቀቅ ስለሚል ኃይሉ የሚያልፍበት የሽቦ ጥቅል ያንሳል፣ ሞተሩም ይፈጥናል።

ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ሞተር ሲቀየርም ብዙ ስህተት የሚፈጠርበት ማቆሚያው ነው። ሹፌሩ ማብሪያውን ሲያጠፋ መጥረጊያው የትም ቢሆን እዚያው አይቆምም፤ ወደ ታች ወርዶ ነው የሚያርፈው። ይህን የሚያደርገው በትልቁ ጥርስ ላይ ያለ፣ አንድ ቦታው ላይ የተለየ ቅርጽ ያለው ሳህን ነው። ማብሪያው ቢጠፋም ሳህኑ በራሱ ሽቦ በኩል ለሞተሩ ኃይል መስጠቱን ይቀጥላል። ማረፊያው ቦታ ሲደርስ ኃይሉን ቆርጦ ያንኑ ሽቦ ከማሳ (ከመኪናው አካል) ጋር ያገናኘዋል። ገና በመሽከርከር ላይ ያለው ሞተር በዚያች ቅጽበት እንደ ዲናሞ ሆኖ ኃይል ያመነጫል፤ ኃይሉም መልሶ ራሱን ይይዘዋል፣ ቀጥ ብሎም ይቆማል። የማቆሚያው ሽቦ በስህተት ከተገጠመ ወይ መጥረጊያው መስታወቱ መሃል ላይ ይቀራል፣ ወይ ማረፊያውን እያለፈ ያለማቋረጥ ይሄዳል፣ ወይ ፊውዝ ያቃጥላል። ስለዚህ አሮጌው ሞተር ከመፈታቱ በፊት እያንዳንዱ ሽቦ ከነቀለሙና ከነቦታው ይጻፍ፣ ፎቶም ይነሣ።

አሁን ወደ ምርመራው እንግባ። ክንዶቹ ጣት ሊቆርጡ ስለሚችሉ በመጀመሪያ የባትሪው ገመድ ይነቀል። ከዚያ ሞተሩ ከክንዱ ይለያይና መጥረጊያዎቹ በእጅ ይንቀሳቀሱ። ያለ ችግር መሄድ አለባቸው። ከከበዱ ጥፋቱ የሞተሩ አይደለም፤ በአቧራና በደረቀ ግራሶ የተያዘው የመጥረጊያው ዘንግ ነው። የአገራችን ጥቁር አቧራና የበጋ ፀሐይ ግራሶን ሙጫ ያደርጉታል። ዘንጉ ተፈቶ ይታጠብ፣ ዝገቱ ይጠረግ፣ አዲስ ግራሶ ይግባለት። በላንድሮቨር ላይ ደግሞ ገመዱ ከቱቦው ወጥቶ ይጽዳ። ትንንሾቹ ጥርሶች ሙሉ ዙር ስለማይዞሩ የሚበሉት በአንድ ወገን ብቻ ነው፤ ፈትቶ ግማሽ ዙር አዙሮ መመለስ ያልተነካውን ጥርስ ለሥራ ያቀርበዋል። አንድ ሳንቲም ሳይወጣ መጥረጊያው እንደገና ጠበቅ ይላል።

ክንዱ ቀላል ሆኖ ሞተሩ ከደከመ ቀጥሎ የሚታየው ኃይሉ ነው። ክንዱና የባትሪው ገመድ ተመልሰው ይታሰሩ፤ መኪናው ተነሥቶ፣ መጥረጊያው እየሠራ፣ ቴስተሩ ሞተሩ ላይ ይደረግ። ባትሪው ላይ 14 ቮልት ገደማ እየታየ ሞተሩ የሚያገኘው 11 ቮልት ከሆነ የቀረው መንገድ ላይ እየባከነ ነው፤ የዚህ ዓይነት ሞተር ፍጥነት ደግሞ ከቮልቱ ጋር አብሮ ይወርዳል። ተጠርጣሪዎቹ የዛገ ማሳ፣ የተቃጠለ ማብሪያና ዕድሜው የገፋ ቀጭን ሽቦ ናቸው። ማሳውን መጀመሪያ እዩ። ቀለም የተቀባ ወይም የዛገ ቆርቆሮ ላይ የታሰረ ማሳ ከሁሉም በላይ ሰው ያሳስታል።

ከሁሉ የተሻለው ማሻሻያ ሪሌ ነው እላለሁ። በብዙ አሮጌ መኪኖች ላይ የሞተሩ ኃይል በሙሉ በማብሪያው ውስጥ ያልፋል። ሪሌ ሲገባ ማብሪያው ትእዛዝ ብቻ ይሰጣል፤ ኃይሉ ግን ወፈር ባለ ሽቦ፣ በራሱ ፊውዝ በኩል ከባትሪ ይመጣል። ይህን የሚሠራው የመኪና ኤሌትሪሻን የማቆሚያውን ሽቦ አሠራር የሚያውቅ መሆን አለበት፤ የማያውቅ ከሆነ መጥረጊያው ይፈጥናል፣ ማረፍ ግን ይረሳል።

ሞተሩ ራሱ ጥፋተኛ ሆኖ ሲገኝም ወዲያው አይጣልም። ካርቦኑ ካለቀ በልኩ ሌላ ይገባለታል፤ ካርቦኑ የሚነካው መዳብ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይጸዳል። ጥቅሉ የተቃጠለ ወይም ጥርሱ የተበላ ከሆነ ግን መቀየር ነው።

ሲገዛ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንዳንድ የድሮ ናፍጣ ላንድክሩዘሮችና የወታደር ላንድሮቨሮች 24 ቮልት ናቸው። የ12 ቮልት ሞተር እነሱ ላይ ይቃጠላል፤ የ24ቱ ሞተር በ12 ላይ ደግሞ ይንፏቀቃል፣ ሰውም ሻጩን ይወቅሳል። በቀኝ መሪ ከሚነዳ መኪና የወጣ ሞተር የማረፊያው አቅጣጫ ከግራ መሪው ሊለይ ይችላል። እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ የተሠሩ ላንድሮቨሮች ማሳቸው ፖዘቲቭ ስለነበረ አዲስ ዓይነት ሞተር ከመገጠሙ በፊት ይህም ይጣራ። ጥንታዊ ዊሊስ ጂፕ ያለው ሰው ግን ያለ ማመንታት ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጥ። የብዙዎቹ መጥረጊያ የሚሠራው በመኪናው ሞተር የአየር መሳብ ኃይል ነው፤ ዳገት ላይ ነዳጅ ሲረገጥ መሳቡ ይደክማል፣ መጥረጊያውም እይታ በሚያስፈልግበት ሰዓት ይቆማል።

አዲሱ ሞተር ከክንዱ ጋር ከመያያዙ በፊት በባዶው ይብራ፣ ይጥፋ፣ በራሱ ማረፊያ ላይ ይቁም። መጥረጊያዎቹ የሚታሰሩት ከዚህ በኋላ ነው። ሙከራው በውኃ በራሰ መስታወት ላይ ይሁን፤ ደረቅ መስታወት ሞተሩን ያጨናንቃል፣ ጎማውንም ይበላል። የአሜሪካ የመኪና ደህንነት ደረጃ ቁጥር 104 ፈጣኑ ፍጥነት በደቂቃ ከ45 ምልልስ እንዳያንስ፣ ዝግተኛው ከ20 እንዳያንስ፣ በሁለቱ መካከል ቢያንስ የ15 ልዩነት እንዲኖር ይጠይቃል። ሰዓት ይዞ አንድ ደቂቃ መቁጠር ነው፤ ከዚህ በታች ከሆነ መኪናው ከጋራዡ ሳይወጣ ማሳውና ክንዱ እንደገና ይታይ።