የፕሮሰሰርን ንድፍ በጽሑፍ ስለ ማስተማር



ሕንፃ ከመሠራቱ አስቀድሞ ፕላኑ በወረቀት ላይ እንደሚነደፍ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የኮምፒዩተር አእምሮ የሆነው ፕሮሰሰርም ቀድሞ እንዲሁ በሥዕል ይነደፍ ነበር። በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1971 የወጣው ኢንቴል 4004 የነበሩት ትራንዚስተሮች 2300 ያህል ብቻ ስለሆኑ መሐንዲሶቹ ንድፉን በእጃቸው ስለው ለመጨረስ ቻሉ። ቍጥሩ በመቶ ሺህ መቈጠር በጀመረ ጊዜ ግን እጅ አልበቃ አለ። ስለዚህ ንድፉን በጽሑፍ የሚገልጹ ቋንቋዎች ተፈጠሩ፤ ከነዚህም ቬሪሎግ በ1980ዎቹ አጋማሽ በአንድ ያሜሪካ ኩባንያ ሲሠራ፥ ቪ.ኤች.ዲ.ኤል. የተባለውን ያሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር አሠርቶት በ1987 የመሐንዲሶች ማኅበር ደንብ ሆነ።

የዛሬው ንግግራችን ተማሪዎች እነዚህን ቋንቋዎች ሲማሩ ስለሚያጋጥማቸው ችግር ነው። ተማሪው አስቀድሞ ተራ ፕሮግራም መጻፍ የለመደ እንደሆነ፥ ጽሑፉን ከላይ ወደ ታች በተራ የሚፈጸም ትእዛዝ አድርጎ ይቈጥረዋል። ነገር ግን የጻፈው የዕቃ መግለጫ ነው፤ የዕቃውም ክፍሎች ሁሉ ባንድ ጊዜ ይሠራሉ።

ይህን ለማስረዳት ሁለት ጸሐፊዎች በየጠረጴዛቸው አንዳንድ መዝገብ ይዘው ተቀምጠዋል እንበል። ደወል ሲደወል እያንዳንዱ ባንድ እጁ ይሰጣል፥ በሌላው ይቀበላል፤ የሚጠፋ መዝገብ የለም። ጸሐፊዎቹ በፕሮሰሰር ውስጥ ቍጥር የሚይዙት ሬጅስተሮች ናቸው፤ ደወሉም ሥራውን ሁሉ የሚመራው የሰዓት ምት ነው። አንደኛው 7፥ ሁለተኛው 3 ይዘዋል። ተማሪው ልውውጡን በቬሪሎግ ሲጽፍ ተራውን የእኩል ምልክት ቢያደርግ፥ አንደኛው 3ን ተቀብሎ 7ን ያጠፋል፤ ሁለተኛውም ከርሱ የሚያገኘው ያንኑ 3ን ነው። ከእኩሉ ምልክት በፊት የማነስን ምልክት ቢጨምርበት ግን ሁለቱም ቍጥሮች አስቀድመው ይነበቡና ባንድነት ይጻፋሉ። በዚች በአንዲት ጭረት ምክንያት ስሕተቱን ሲፈልግ የሚያድር ተማሪ ጥቂት አይደለም።

ኖአም ኒሳንና ሺሞን ሾከን የተባሉ የእስራኤል መምህራን በ2005 ባሳተሙት መጽሐፍ ትምህርቱን ከሥሩ ይጀምራሉ። ለተማሪው የሚሰጡት ናንድ የተባለችውን፥ ሁለቱም መግቢያዎቿ 1 ሲሆኑ ብቻ 0 የምትመልሰውን ትንሽ ክፍልና አንድ የማስታወሻ መነሻ ነው። ከነዚህ መደመሪያውን፥ የሒሳቡን ክፍል፥ ሬጅስተሮቹን እያከታተለ ሠርቶ፥ ሐክ የተባለውን ባለ16 ቢት ፕሮሰሰር ያቆማል። በነርሱ ቋንቋ የክፍሎቹ መስመር ቢቀያየር ውጤቱ አይለወጥም፤ ተማሪው የተራን ልማድ የሚተወውም በዚሁ ነው። በኛ አስተያየት ከዚህም በፊት ሥዕሉን በእርሳስ ቢነድፍ መልካም ነው፤ ሊስለው ያልቻለውን ክፍል ባይጽፈው ይሻላል።

ተማሪዎች ምርመራውን እንደ ትርፍ ሥራ ይቈጥሩታል። በ1994 በኢንቴል ፔንቲየም ፕሮሰሰር ማካፈያ ሰንጠረዥ ውስጥ አምስት ቦታዎች ሳይሞሉ በመቅረታቸው፥ 4195835 ለ3145727 ሲካፈል 1.33382 መሆን ሲገባው 1.33374 ይል ነበር። ስሕተቱ በሲሊኮን ላይ ታትሞ ስለ ወጣ በላጲስ የሚፋቅ አልሆነም፤ ኩባንያውም በዚሁ ምክንያት 475 ሚሊዮን ዶላር ወጪ መዘገበ። ስለዚህ ተማሪው ለሚጽፈው ለእያንዳንዱ ክፍል ሌላ የመፈተኛ ጽሑፍ አብሮ ይጽፋል፤ በርሱም ዜሮን፥ ከሁሉ የሚበልጠውን ቍጥርና ከዜሮ በታች ያሉትን እያስገባ፥ የሚወጣውን መልስ በእጁ ካሰላው ጋራ ያስተያያል።