እንግዳን የሚጠብቀው ምንድን ነው?



በማያውቀው አገር የሚጓዝ ሰው ከአደጋ የሚጠበቀው በምንድን ነው? ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1763 ዓ.ም. የዓባይን ምንጭ ለማየት ወደ ግሽ ዓባይ ሲያመራ መሣሪያ ይዞ ነበር። የዳሞቱ ገዥ ፋሲል ግን ከመሣሪያው ይልቅ የሚበጀውን ሰጠው፤ መንገድ የሚመራ ሰውና ከነኮርቻው፣ ከነልጓሙ ከፊቱ የሚነዳ ፈረስ። ፈረሱን ያየ የአገሬው ሰው መንገደኛው የማን እንግዳ እንደ ሆነ ያውቅ ዘንድ ነው።

ይህ ልማድ ለጉንደ ወይን ሰው አዲስ አይደለም። የመሸበት መንገደኛ ከደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ሲል፣ «ከየት መጣህ? ወዴት ትሄዳለህ?» ተብሎ ይጠየቃል። መልሱን ሰምቶ ያሳደረው ቤት ለደኅንነቱም ይጨነቃል።

ባሕር ማዶ ግን እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ አይገኝም። ስለዚህ ከጉንደ ወይን ተነሥቶ ዱባይን ወይም ቤጂንግን ሊጎበኝ የሚሄድ ሰው መልሱን አስቀድሞ ያዘጋጅ። የሚያርፍበትን አድራሻና የሚመለስበትን ቀን ለቤተሰቡ ይተው። የፓስፖርቱንና የቪዛውን ግልባጭ ከዋናው ለይቶ ይያዝ። የኢትዮጵያን ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ስልክ በወረቀት ይጻፍ፤ የእጅ ስልኩ ቢሰረቅ ወረቀቱ ይቀራልና። የቪዛው ማብቂያ በአውሮፓ አቆጣጠር መጻፉንም አይዘንጋ፤ 9ኛው ወር ለእኛ ግንቦት፣ ለእነርሱ ሴፕቴምበር ነው።

አታላይ የሚመርጠው ጠያቂ የሌለውን ሰው ነው። እንግዲህ ፈረሱን የሚሰጠን ገዥ አንጠብቅ፤ ከቤታችን ሳንወጣ ራሳችን እንጫነው።