ዳንሱ ቀድሞ፣ ድምፁ ተከትሎ

«አይቭ ሃድ ዘ ታይም ኦቭ ማይ ላይፍ» እ.ኤ.አ. በ1987 ለእይታ ለበቃው «ደርቲ ዳንሲንግ» የፍቅር ፊልም ማጀቢያ የተቀዳ የወንድና የሴት ቅብብሎሽ ነው። የሚዘፍኑት ቢል ሜድሊና ጄኒፈር ዋርንስ፣ የደረሱት ፍራንኪ ፕሬቪት፣ ጆን ዲኒኮላና ዶናልድ ማርኮዊትዝ፣ በፕሮዲውሰርነት የመራው ደግሞ ማይክል ሎይድ ነው። በዚያው ዓመት በኖቬምበር በአሜሪካ የቢልቦርድ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ፤ ቀጥሎም ለደራሲዎቹ ኦስካር፣ ለዘፋኞቹ ግራሚ አስገኘ። የማጀቢያው አልበም በአሜሪካ 18 ሳምንት አንደኛ ደረጃ ላይ ቆይቷል። ለመግቢያ ይህ ይበቃል። ዝናው ግን ዘፈኑን የጠቀመው አይመስለኝም። የሠርግና የካራኦኬ ማድመቂያ ሆኖ ስለቀረ ሁሉም ያውቀዋል፣ በጥሞና የሚሰማው ግን ጥቂት ነው። በጥሞና ለሰማው፣ ብዙ ጊዜ እንደ ጉድለት የሚቆጠርበት ነገር ትልቁ ጥበቡ ሆኖ ይገኛል።

ጉድለት የሚባለው ዘመኑን አለመምሰሉ ነው። የፊልሙ ታሪክ የሚካሄደው በ1963 ክረምት፣ በኒውዮርክ ካትስኪል ተራሮች ባለ አንድ የቤተሰብ መዝናኛ ነው። ቤቢ የምትባል የሐኪም ልጅ ጆኒ ከተባለ የዳንስ አስተማሪ ጋር ፍቅር ይይዛታል። ፊልሙ የሚከፈተው በዚያው ዓመት በወጣው የሮኔትስ ዘፈን ነው፤ ውስጡም ያን ዘመን በሚያስታውሱ ሸክላዎች የተሞላ ነው። መጨረሻ ላይ ግን የጆኒ ዘመድ ሸክላ ማጫወቻው ላይ አንድ ሸክላ ያስቀምጣል፤ ከዚያ የሚወጣው ድምፅ በኤሌክትሮኒክ ኪቦርድና በሰማንያዎቹ ድራም የተሞላ የ1987 ስቱዲዮ ነው። በ1963 እንዲህ ያለ ሸክላ ሊታተም አይችልም፤ ይህን የሚሉ ሰዎች ያሉት እውነት ነው። የማልስማማው ስህተት ብለው ሲደመድሙ ነው።

የፊልሙን የመጀመሪያ ደቂቃ ያስታውሱ። የምንሰማው የቤቢን ድምፅ ነው፤ ያ ክረምት እንዴት እንደነበረ፣ ኬኔዲ ከመገደሉና ቢትልስ ከመምጣታቸው በፊት መሆኑን፣ ከዓመታት በኋላ ወደኋላ እያየች ትነግረናለች። ስለዚህ የምናየው 1963ን ሳይሆን የ1963ን ትዝታ ነው። ትዝታ ደግሞ የሚሰማው አስታዋሹ ባለበት ዘመን ድምፅ ነው። የዘፈኑ ርእስ ራሱ ይህንኑ ይመሰክራል። የእንግሊዝኛው ግስ ተፈጽሞ ያለቀ፣ ውጤቱ ግን እስካሁን አብሮ ያለ ነገርን ይገልጻል፤ በአማርኛ «አሳለፍኩ» ሳይሆን «አሳልፌያለሁ» እንደማለት ነው። ክረምቱ ገና ሳያልቅ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው እየደነሱ ያሉ ወጣቶች ስለ ፍቅራቸው እንዲህ አይናገሩም። እንዲህ የሚናገረው ዘመኑ ካለፈ በኋላ ያመሰገነ ሰው ነው። አሠራሩም ይህንኑ ይከተላል፦ ዘፈኑ ታሪኩን ከመተረኩ በፊት በአዝማቹ ይጀምራል፤ ፍርዱ ይቀድማል፣ ምክንያቱ ይከተላል።

ድምፆቹስ የማን ናቸው? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ዘፈኑን ጆኒንና ቤቢን ሆነው የተወኑት ፓትሪክ ስዌዚና ጄኒፈር ግሬይ የዘፈኑት የሚመስለው አለ፤ በየቦታው እንደዚያ ተጽፎ ይገኛል። የስህተቱ ምንጭ ይገባኛል፤ ስዌዚ በዚያው አልበም ላይ «ሺስ ላይክ ዘ ዊንድ» የሚለውን ሌላ ዘፈን በእርግጥ ዘፍኗል፣ በድርሰቱም ተሳትፏል። የዚህኛው ዘፋኞች ግን ከተዋናዮቹ በዕድሜ የገፉ ነበሩ። ሜድሊ በ1940 የተወለደ፣ ራይቸስ ብራዘርስ በተባለው የዘፋኞች ጥንድ በስልሳዎቹ ዝናን ያየና የጠገበ ሰው ነው፤ ጆኒና ቤቢ በሚደንሱበት ዘመን እሱም ወጣት ዘፋኝ ነበር ማለት ነው። ዋርንስ በቅጂው ጊዜ 40 ዓመት ገደማ ነበረች። እሷን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ኦስካር ያገኙ ሦስት የፊልም ዘፈኖች በእሷ ድምፅ ተሰምተዋል፦ በ1979 የ«ኖርማ ሬይ»፣ በ1982 ከጆ ኮከር ጋር «አን ኦፊሰር ኤንድ ኤ ጀንትልማን» ውስጥ፣ ቀጥሎ ይህ። የዘፈን ኦስካር ግን የሚሰጠው ለደራሲ እንጂ ለዘፋኝ አይደለም፤ በዚህ ምክንያት ስሟ ከሥራዋ በጣም ያነሰ ሆኖ ቀርቷል። ሁለቱ ሲቀባበሉ የሚሰማው የጎረምሳና የኮረዳ ናፍቆት አይደለም። የሜድሊ ዝቅ ያለ ሻካራ ድምፅ መሬቱን ይይዛል፣ የዋርንስ ጥርት ያለ ድምፅ በላዩ ይቆማል፤ ሁለቱም የሆነውን የሚያውቁ ሰዎች ድምፅ ነው።

«ይህ ሁሉ አጋጣሚ ነው፣ ማንም አስቦበት አልሠራውም» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ከፊሉ ልክ ነው። ሜድሊ መጀመሪያ አልፈልግም ብሎ ነበር፤ ሚስቱ ልትወልድ የደረሰችበት ጊዜ ነበርና። የዘፈነውም በኋላ፣ ከዋርንስ ጋር በመሆን ነው። ዋናው ነገር ግን ከዚያ ይልቃል፦ የመጨረሻው ዳንስ ሲቀረጽ የሜድሊና የዋርንስ ቅጂ ገና አልነበረም። ተዋናዮቹ የደነሱት ፕሬቪት ራሱ ከራሼል ካፔሊ ጋር ባዘጋጀው ናሙና ቅጂ ነው። ኬኒ ኦርቴጋ ያቀናበረው እርምጃ፣ የስዌዚ ዝላይ፣ የግሬይ ዙረት ሁሉ በዚያ ናሙና ምት ላይ ተተክሏል። በተለምዶ ዘፈን ይቀዳል፣ ዳንሱ ይከተለዋል፤ እዚህ ግን ዳንሱ ቀድሞ አለቀ፣ የመጨረሻዎቹ ድምፆች በኋላ ደረሱ። አካሉ ተለክቶ ካለቀ በኋላ ልብስ እንደሚሰፋለት ማለት ነው፤ ልብሱ ማጠርም መርዘምም አይችልም። እንግዲህ የድምፆቹ ኋላ መምጣት የትዝታ ድምፅ መሆናቸውን አያፈርስም። በአሠራራቸውም ቢሆን ወደኋላ እያዩ የተዘፈኑ ናቸው።

ይህ በግልጽ የሚታየው በመክፈቻው ነው፤ ምቱ እስኪመጣ ላለመጠበቅ አንዳንዶች የሚቆርጡት ክፍል መሆኑም ያሳዝናል። ድራም የለም። ሜድሊ አዝማቹን በዝግታ ብቻውን ይጀምራል። መድረኩ ላይ ጆኒ ከቤቢ ኋላ ቆሟል፤ ቤቢ ክንዷን ወደ ላይ አንሥታ አንገቱ ላይ አሳርፋለች፣ እሱ ጣቱን በክንዷ ላይ ቁልቁል ይስባል። ያው እንቅስቃሴ በልምምዱ ጊዜ እየኮረኮራት ደጋግሞ አስቋት ነበር፤ አሁን አትስቅም። ዋርንስ የምትገባው ከዚህ በኋላ ነው፣ ምቱም ይከተላታል። ይህን ክፍል የቆረጠ ሰው ቀሪውን ጭፈራ ብቻ አደረገው። መጀመሪያ ላይ ያ ጸጥታ ከሌለ በኋላ ሙዚቃው ተሰብስቦ አዝማቹ ተመልሶ ሲፈነዳ፣ ቤቢም በጆኒ እጆች ላይ ወደ ላይ ስትነሣ፣ ከየት ተነሥታ እንደደረሰች አይታወቅም።

ግጥሙ ተራ ነው የሚሉም አሉ። ቃላቱ ቀላል መሆናቸውን አልክድም። ሁለት አካላት ያን ያህል በሚናገሩበት ትዕይንት ላይ ግን ግጥሙ ሌላ ምስል ቢደራርብ ዓይንንና ጆሮን ያጣላ ነበር። ፕሬቪት ይህን የተረዳ ይመስለኛል፤ በአዝማቹ ምስጋናን መደጋገምን መረጠ። የእሱና የካፔሊ ናሙና ደግሞ ከፊልሙ ፈጽሞ አልጠፋም። ስዌዚ ከመድረኩ ዘሎ ወርዶ በወንበሮቹ መሐል ሲደንስ እኛ የምንሰማው ሜድሊንና ዋርንስን ነው፤ እግሮቹ የሚከተሉት ግን ፕሬቪትንና ካፔሊን ነው።