የተወለቀ ዳሌና የተበጠሰው ጅማት

በከሚሴና በዙሪያዋ ሰው ወድቆ እግሩ ሲወልቅ አስቀድሞ የሚጠራው ወጌሻ ነው። (በኦሮምኛ «ኦጌሳ» ማለት ዐዋቂ ማለት ነውና የሁለቱ ቃላት መመሳሰል ያስደንቃል።) ወጌሻ የጣት ውልቃት ሲመልስ አይተን እናመሰግናለን፤ የዳሌ ውልቃት ግን ሌላ ነገር ነው።

የጭን አጥንት ራስ እንደ ኳስ ክብ ሆኖ በዳሌ አጥንት ጐድጓዳ ውስጥ ይገባል። በውጭ ሦስት ጅማቶች ይጠመጠሙበታል፤ ከነርሱም የፊተኛው በሰውነታችን ካሉት ጅማቶች ሁሉ የበረታ ነው። ቢግሎ የተባለ የቦስተን ሐኪም፣ የተወለቀ ዳሌ በምን አኳኋን እንደሚመለስ ይኸው ጅማት የሚወስን መሆኑን በ1869 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አስረዳ። አራተኛው ጅማት ግን በውስጥ ተሰውሮ የኳሱን ራስ ከጐድጓዳው ወለል ጋር ያያይዛል።

እንዲህ የተጠበቀ መገጣጠሚያ በቀላል ነገር አይወልቅም። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው፣ ከሚሴን በሚያቋርጠው መንገድ ላይ መኪና ሲጋጭ፣ ከፊት የተቀመጠው ሰው ጕልበቱ ይላተምና የጭኑ አጥንት ወደ ኋላ ተገፍቶ ይወጣል። እግሩ ያጥራል፣ ጕልበቱም ወደ ውስጥ ይዞራል። የውስጡ ጅማት ይበጠሳል፤ ከኋላ የሚያልፈው ትልቁ ነርቭም ሊጐዳ ይችላል። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን የአጥንቱን ራስ የሚመግቡት ቀጫጭን የደም ሥሮች መታፈናቸው ነው፤ በ6 ሰዓት ውስጥ ካልተመለሰ አጥንቱ የመሞቱ አደጋ እየበረታ ይሄዳል። ሌሊቱን በእሽት ያሳለፈ ሰው ይህ ጊዜ አልፎበታል። ደግሞም አንገቱ የተሰበረ አጥንት በእጅ ተዳሶ አይታወቅም፤ ቢጐትቱት ይብስበታል። በሆስፒታል ግን አስቀድሞ ራጅ ይነሣል፤ ከዚያም በማደንዘዣ ጡንቻው ላልቶ በእጅ ይመለሳል።

ታዲያ የተበጠሰው የውስጥ ጅማት ይጠገናልን? ብዙውን ጊዜ አያሻም፤ ሰው ያለ እርሱ ይራመዳል። ሕመሙና የመክዳት ስሜቱ ለወራት ያልለቀቀው እንደሆነ፣ ሐኪሙ በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ የተተለተለውን ጫፍ ያጸዳል። ይህም ካልረዳ በውጭ አገር ጥቂት ሐኪሞች አዲስ ጅማት ይተካሉ። ከሕመምተኛው ጭን ጀርባ ጅማት ይወሰዳል፤ በጭኑ አጥንት አንገትና ራስ ውስጥ ቀዳዳ ይሠረሠራል፤ ጅማቱም በዚያ ተስቦ ከጐድጓዳው ወለል ጋር ይታሰራል። ከወለሉ ማዶ ትልልቅ የደም ሥሮች ስላሉ መሠርሠሪያው ጥቂት ቢያልፍ ሕይወትን ያሰጋል፤ እኔም ሥራው ብርቅ መሆኑ አይገርመኝም። ሕመምተኛው ለሳምንታት በምርኵዝ ይሄዳል፤ መሮጥ የሚፈቀድለት ግን ከወራት በኋላ ነው።