ከማርሹ አጠገብ ያለችው አጭር ዘንግ

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ፒክ አፕ የማይገባበት ሥራ የለም። ግብርና ጽሕፈት ቤቱ ምርጥ ዘር፣ ጤና ጣቢያው ክትባት፣ ነጋዴው የመንዝ በግ፣ መንገድ ሠሪው በርሜል ናፍታ ይጭንበታል። ሠርግ ሲኖር ሚዜ፣ ለቅሶ ሲኖር ድንኳን ያመላልሳል። ይህን ሁሉ ሠርቶ ግን ወግ ያለው መኪና ተብሎ አያውቅም። አውቶሞቢል የገዛ ሰው የመኪናውን ታሪክ ከነዘመኑ ይተርክላችኋል። ሃይሉክስ ለዓመታት የነዳ ሹፌር ግን ከመሪው ጀርባ ከሚበሩት አምፑሎች አንዱን ጠቁማችሁ ምን እንደሆነ ብትጠይቁት፣ «እሱ ድሮም ይበራል» ብሎ ያልፋችኋል።

መሪን፣ ሦስቱን ፔዳሎች፣ ማርሽን፣ ፍሬቻን ለማስተማር አልተነሣሁም፤ መንጃ ፈቃድ የያዘ ያውቃቸዋል። የአሮጌዎቹ ፒክ አፖች የእጅ ፍሬን ከመሪው ሥር የሚሳብ እጀታ መሆኑን፣ ሲለቀቅም መጠምዘዝ እንደሚያስፈልገው ብቻ ተናግሬ ልለፍ፤ ከአውቶሞቢል የመጣ ሰው በሁለቱ ወንበሮች መሐል ሲፈልገው አይቻለሁና።

አምፑሎቹን በቀለማቸው መለየት ለጊዜው ይበቃል። ቀይ «አሁኑኑ ቁም» ነው፤ ቢጫ «ቶሎ አሳየኝ» ይላል። የዘይት ጣሳ የሚመስለው ቀይ መብራት ሞተር እየሠራ ከበራ የዘይት ግፊት ወርዷል ማለት ነውና እስከሚቀጥለው ከተማ ብሎ ነገር የለም፤ ሞተሩ እዚያው ይጠፋል። የፍሬኑ ቀይ መብራት የእጅ ፍሬን ተለቅቆም ካልጠፋ የፍሬን ዘይቱን ማየት ነው። የተጠመጠመ ሽቦ የሚመስለው ቢጫ ደግሞ በተለይ ለደብረ ብርሃን ሰው የተሠራ ይመስለኛል። ከተማው 2,840 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ንጋቶች ውርጩ መስታወት ላይ ይጋገራል። የናፍታ ሞተር የሚነሣው በታመቀ አየር ሙቀት ስለሆነ፣ ብርድ ላይ የሞተሩ ማሞቂያዎች፣ ካንዴሊቴዎቹ፣ ቀድመው መጋል አለባቸው። ቁልፉን አንድ ደረጃ አዙሮ ያ ሽቦ እስኪጠፋ ጥቂት ሰከንድ መታገሥ ነው። ያንን መታገሥ አቅቶት ሞተሪኖውን እያስጮኸ ሰፈር የሚቀሰቅስ፣ ባትሪው ሲደክምበትም «ግፉልኝ» የሚል ሰው በየማለዳው አይጠፋም።

በብዙ የቶዮታ ናፍታ መኪኖች ላይ «ቲ ቤልት» የሚል መብራት አለ። ይህ የብልሽት መብራት አይደለም፤ ኪሎ ሜትሩ 100,000 ወይም 150,000 ሲሞላ የታይሚንግ ቀበቶው መቀየሪያ ጊዜ ደርሷል ብሎ የሚያስታውስ ነው። ቀበቶውን ሳይቀይሩ አምፑሉን የሚነቅሉ መካኒኮች መኖራቸው ያሳዝነኛል። ሰማያዊውም አለ፤ ረጅም መብራት በርቷል ማለት ነው። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ ይህን ሰማያዊ አብርቶ የሚነዳ ሰው ብርሃኑን ጉሙ መልሶ ዓይኑ ላይ ይረጭበታል፤ በጉም አጭር መብራት ነው የሚያሳየው። አራቱንም ፍሬቻ እያብለጨለጩ መንዳቱንም ብንተወው መልካም ነበር፤ መኪናው ቆሟል ወይስ ይሄዳል፣ ሊታጠፍ ነው ወይስ አይደለም፣ ከኋላ ያለው ሰው በምን ይለየው?

የሙቀት መለኪያዋ መርፌ ጥቂት ማብራሪያ ይገባታል። በዘመናዊ ፒክ አፖች ላይ መርፌዋ መሐል ቆመች ማለት ሙቀቱ ባለበት ረግቷል ማለት አይደለም። ሹፌሩ በየዳገቱ እንዳይሸበር ተብሎ በሰፊ የሙቀት ክልል ውስጥ እንዳትነቃነቅ ተደርጋለች። ስለዚህ ከመሐል በጣት ስፋት ከፍ ካለች፣ ሙቀቱ ቀድሞ ብዙ ርቋል። 1,280 ሜትር ላይ ካለው ከሸዋ ሮቢት ቆላ ተነሥቶ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ወዳለው የጣርማ በር ዋሻ ጭነት ይዞ የሚወጣ ሰው ዓይኑ ከእሷ መራቅ የለበትም። ዋሻው አፍ ላይ ቆሞ የራዲያተር ክዳን መክፈት ደግሞ እብደት ነው። በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በሞተሩ ውስጥ ያለው ከዚያ በላይ ሞቆ ያልፈላው ክዳኑ ግፊቱን ስለያዘው ብቻ ነው። ክዳኑ ሲላላ ሁሉም ባንዴ ፈልቶ ፊት ላይ ይወጣል።

ወደምወዳት ልምጣ። ከማርሹ አጠገብ አንዲት አጭር ዘንግ አለች፤ በአዲሶቹ ላይ ዳሽቦርዱ ላይ ያለች ክብ ማዞሪያ ሆናለች። ሃይሉክስ እ.ኤ.አ. በ1968 ሲወጣ አልነበረችም፤ አራት ጎማ የሚነዳው የመጣው በ1979 ነው። አናቷ ላይ «ኤች 2»፣ «ኤች 4»፣ «ኤን»፣ «ኤል 4» ተጽፎባታል። በ«ኤች 2» የሚነዱት የኋላ ጎማዎች ብቻ ናቸው፤ በ«ኤች 4» የፊቶቹም ይጨመራሉ። በ«ኤል 4» አራቱም ይነዱና፣ በዚያ ላይ ማርሹ በሙሉ ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ይከብዳል። ሹፌሮቻችን ሁሉንም ባንድ ላይ «ፎር ዊል» ብለው ይጠሩታል፤ ጥፋቱም እዚያ ይጀምራል፣ «ኤች 4» እና «ኤል 4» ፈጽሞ የተለያየ ሥራ ያላቸው ናቸውና።

«ኤች 4» ጉልበት አይጨምርም። ያለውን ጉልበት ለአራት ያካፍላል እንጂ። ባዶ ፒክ አፕ ክብደቱ ፊቱ ላይ ነው፤ ኋላው በጠንካራ ባሌስትራ ላይ ቀልሎ ይዘላል፤ ስለዚህ ጭቃ ላይ የኋላ ጎማው መሬት ሳይቆነጥጥ በባዶ ይሽከረከራል። የፊቱን ጎማ ግን ሞተሩ ተጭኖታል። የ«ኤች 4» ጥቅም ይኸው ነው። በአሮጌዎቹ ላይ የፊት ጎማው እምብርት ላይ ያለውን ክዳን ከ«ፍሪ» ወደ «ሎክ» ወርዶ በእጅ ማዞር ያስፈልጋል። ይህን ሳያደርጉ ዘንጓን ብቻ አስገብተው «ፎር ዊሉ ተበላሽቷል» ብለው ጋራዥ የሚሄዱም አሉ።

ደረቅ አስፋልት ላይ ግን መግባት የለበትም። መኪና ሲታጠፍ የፊትና የኋላ ጎማዎች እኩል መንገድ አይጓዙም። የፒክ አፑ የፊትና የኋላ ዘንጎች ደግሞ «ኤች 4» ላይ እኩል እንዲዞሩ ታስረዋል። ጭቃና ጠጠር ላይ ጎማው ትንሽ ተንሸራትቶ ልዩነቱን ይጨርሰዋል፤ አስፋልት ላይ መሄጃ ስለሚያጣ ጭንቀቱ ጥርሶቹ ላይ ይጠራቀማል። መሪው ይከብዳል፣ ጎማው ይጮኻል፣ ዘንጓም አልወጣም ትላለች። በጉልበት መጎተት ዋጋ የለውም፤ ጥቂት ሜትር ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ቢሄዱ ራሷ ትላላለች። ዝናብ ስለጣለ ብቻ ከተማ ውስጥ ፎር ዊል አስገብቶ የሚዞር ሹፌር ባለቤቱን በየመታጠፊያው ዲፈረንሻል እያስከፈለው ነው።

ይህን ሁሉ ያልኩት ወደ ቁልቁለቱ ለመድረስ ነው። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ የሚወርደውን ያየ ሰው ቁልቁለት ምን እንደሆነ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዙ መልክተኛ ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ ዕቃውን ከታጁራ ያመጣው በግመል ነበር፤ ዳገቱ ሥር ሲደርስ ግን ግመሉ ቀርቶ በሰው ትከሻና በአጋሰስ ሆነ። አልዩ አምባ ገበያ የሆነውም የግመል አገር እዚያ አልቆ የበቅሎ አገር ስለሚጀምር ነው። ዛሬ በዚያ ገደል ፒክ አፑ ይወርዳል፤ የሚወርደውም አብዛኛውን ጊዜ በፍሬን ነው፤ ብስጭቴም ከዚህ ነው።

ሒሳቡን እንየው። ከነጭነቱ ሦስት ቶን የሚመዝን ፒክ አፕ 1,000 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀው ኃይል 90 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ፍሬን ብቻ ከተያዘ ያ ሙቀት ሁሉ የሚገባው በአራት ጎማ ውስጥ ባሉ ጥቂት ኪሎ ብረትና ሸራ ነው። ሸራው ይቃጠላል፤ የፍሬን ዘይቱ እርጥበት ጠጥቶ ከቆየ ይፈላል፤ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሰምጣል። «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚባለው የሹፌር ትምህርት የመጣው ከዚህ ነው።

የሚቀረው ነገር አለ፤ ሹፌሮችም ሲሰሙት አይዋጥላቸውም። የፒክ አፕ ናፍታ ሞተር እንደ ቤንዚኑ መኪና አይዝም። የቤንዚን ሞተር እግር ሲነሣለት የአየር መግቢያው ይዘጋና ፒስተኖቹ ባዶ እየሳቡ ይጎትታሉ። ናፍታው ያ መዝጊያ ስለሌለው አየሩን እንደ ልቡ ያስገባል፤ የጨመቀውም አየር መልሶ ይገፋዋል። ትልልቆቹ የጭነት መኪኖች የጭስ መውጫውን የሚዘጋ ፍሬን የተጨመረላቸው ለዚህ ነው፤ ፒክ አፑ አልተጨመረለትም። የተሰጠችው ያቺ አጭር ዘንግ ናት። «ኤል 4» ላይ በአንደኛ ማርሽ ሞተሩ በቀስታ ሲዞር መኪናው ሰው በእግሩ ከሚራመደው አይበልጥም፤ በሁለተኛ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሄዳል። ደካማው ጉተታ ሁለት ተኩል ጊዜ ሲባዛ በቂ ይሆናል።

አንድ ጊዜ ከአንድ መሥሪያ ቤት ሹፌር ጋር በዚያው በአልዩ አምባ መንገድ ወርጃለሁ። ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ቁልቁለቱ አናት ላይ አቆሙና ዘንጓን ወደ «ኤል 4» ሳቧት። ከኋላ የተቀመጠ ወጣት ባለሙያ፣ «ጋሼ፣ ዝናብ እኮ የለም» አላቸው።

«ለጭቃ ብቻ የተሠራች መሰለህ እንዴ?» አሉና በሁለተኛ ለቀቁት። የግራ እግራቸውን ከፍሪሲዮኑ አንሥተው ጎማ ምንጣፉ ላይ ዘረጉት፤ ቀኙም ከነዳጁ ወጥቶ ፍሬኑ ላይ ሳይጫን ተንጠለጠለ። የዙር መለኪያዋ መርፌ 2,000 አካባቢ ላይ ተተክላ ሞተሩ ባንድ ድምፅ እያጉረመረመ ወረድን። ታች ስንደርስ ሌላ ፒክ አፕ ቆሞ ነበር፤ የተቃጠለ ሸራው ከሩቅ ይሸታል፤ ረዳቱ ልጅ ቸርኬው ላይ ውሃ እየደፋ ነበር። ሽማግሌው ወርደው የራሳቸውን ቸርኬ በመዳፋቸው ያዙና ለወጣቱ «ና ንካው» አሉት። ነካው፤ ለብ ያለ እንኳ አልነበረም። ያኛውን ልጅ ግን ተቆጡት፦ «የጋለ ብረት ላይ ውሃ ታፈሳለህ? ሊሰነጠቅብህ ነው፤ ተወው፣ በነፋስ ይብረድ!»

እግራቸውን ምንጣፉ ላይ መዘርጋታቸውን ልብ በሉ። «ኤል 4» አስገብቶ በየመታጠፊያው ፍሪሲዮን የሚረግጥ ሰው መኪናውን ራሱ እየፈታው ነው። ሞተሩ ሲጮኽ ደንግጦ መርገጥም ያው ነው፤ የዙር መለኪያዋ ቀዩ ጋ እስካልደረሰች ጩኸቱ ሥራው ነው። ከደረሰች በፍሬን ቀነስ አድርጎ መልቀቅ ነው። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና የሚወርደው አስፋልት ስለሆነ ደግሞ «ኤል 4» አይነካም፤ እዚያ በ«ኤች 2» ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ማርሽ ይዞ፣ ፍሬኑን አልፎ አልፎ ጠበቅ አድርጎ መልቀቅ ይበቃል።

ናፍታ እቆጥባለሁ ብሎ ማርሹን ዜሮ አድርጎ የሚንደረደረውስ? በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ ዘመናዊ ሞተር ማርሽ ገብቶ ቁልቁል ሲወርድ፣ ነዳጅ መስጫው ካልተረገጠ ናፍታውን ፈጽሞ ይዘጋል፤ ጎማው ነው የሚያዞረው። ዜሮ ማርሽ ላይ ግን እንዳይጠፋ ሲል መጠጣት ግዴታው ነው። ማርሽ ያወጣው ሰው የበለጠ እያቃጠለ፣ ያለ መያዣም እየወረደ ነው።

ዘንጓን ከዓመት ዓመት የማይነካት ሹፌርም ደግ አላደረገም። የፊት ዲፈረንሻሉ ዘይት ካልተዟዟረ ጥርሱ ይደርቃል፤ የቶዮታ መመሪያ በወር ቢያንስ 16 ኪሎ ሜትር በአራት ጎማ ንዱ ይላል። በእርግጥ ጠጠር ላይ።

«ኤን»ም ሳትነሣ የምትቀር አይደለችም። ከ«ኤች 4» ወደ «ኤል 4» ሲኬድ በመሐል የምትታለፍ ናት፤ ዘንጓ እዚያ ከቀረች ሞተሩና ማርሹ ከአራቱም ጎማ ይለያያሉ። ገደል አፋፍ ላይ አቁሞ፣ አንደኛ ማርሽ አስገብቻለሁ ብሎ ተማምኖ የወረደ ሰው መኪናው ያለ እሱ ሊሄድ ይችላል፤ የገባው ማርሽ ከጎማው ጋር አልተያያዘምና። ስለዚህ ዘንጓን ለመቀየር መኪናው ሙሉ በሙሉ ይቁም፣ ቀኝ እግር ፍሬን ላይ ይሁን፣ የእጅ ፍሬን ይሳብ፣ ፍሪሲዮን ተረግጦ ማርሹ ዜሮ ይሁን፣ ዘንጓም ያለ ማመንታት እስከ መጨረሻዋ ትሳብ። ፍሬኑ ከመለቀቁ በፊት ዳሽቦርዱ ላይ የአራት ጎማው መብራት መብራቱን ማየት፣ ማርሹን አስገብቶ ፍሪሲዮኑን በጥቂቱ ለቀቅ በማድረግም ሞተሩ መኪናውን መያዙን መሞከር ነው። ረዳት ካለ ቀድሞ ይውረድና ከጎማው ሥር ታኮ ያድርግ።